ከባድ ሕመምተኛ ሲያስታምሙ ከሐኪም ጋር መነጋገር፦ የአስታማሚ ዝርዝር መመሪያ

እናቴን ሳስታምም ሐኪሙ «ይታከማል» አለኝ። እኔ የሰማሁት «ይድናል» የሚለውን ነበር። ለወንድሞቼና ለእህቶቼ ደውዬ ያበሰርኳቸውም ይህንኑ ነው። ስህተቴን ያወቅሁት ከአራት ወር በኋላ ሲሆን፣ በዚያ መካከል ያደረግናቸው ውሳኔዎች ሁሉ በአንድ በተሳሳተ ቃል ላይ የቆሙ ነበሩ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ አስታማሚዎች በዚያው ቦታ ሲደናቀፉ አይቻለሁ። ሳይዘጋጁ ይገባሉ፣ ሳይጽፉ ይወጣሉ፣ የራሳቸውን ድካም ደግሞ ለማንም አይናገሩም። ይህ የመጨረሻው ሁለቱን ያባብሳቸዋል። ሦስት ሌሊት ያልተኛ ሰው የተነገረውን አይሰማም፤ ያልሰማ ሰው ደግሞ ሌሊቱን ሲጨነቅ ያነጋል። ስለዚህ ከሐኪም ጋር መነጋገርንና የአስታማሚን ጭንቀት ለያይቼ አላቀርባቸውም። ደረጃዎቹን በቅደም ተከተላቸው ይሂዱባቸው።

ደረጃ 1፦ ደብተሩን ያዘጋጁ

ይህን ከቀጠሮው ቢያንስ ሦስት ቀን አስቀድመው ይጀምሩ። አንድ ደብተር ለዚህ ሥራ ብቻ ይመድቡ። ስልክ ላይ መጻፍም ይቻላል፤ እኔ ደብተር የምመርጠው ከሕመምተኛው አልጋ አጠገብ ስለሚቀመጥና ተራ የደረሰው አስታማሚ ሁሉ ሊጽፍበት ስለሚችል ነው።

1. የመጀመሪያው ገጽ ለመድኃኒት ነው። ስሙን፣ መጠኑን፣ የሚወሰድበትን ሰዓት፣ ለምን እንደታዘዘና ማን እንዳዘዘው ይጻፉ። ስማቸው የሚመሳሰል መድኃኒቶች ብዙ ስለሆኑ ከማሸጊያው ላይ ፊደል በፊደል ይገልብጡ። ያለ ማዘዣ የተገዛውን፣ ቫይታሚኑንና ከዕፅዋት የተዘጋጀውንም ያስገቡ። አብዛኛው ሰው ሐኪሙ እንዳይቆጣው ብሎ የሚደብቀው እነዚህን ነው፤ ነገር ግን ከታዘዘው መድኃኒት ጋር ሊጋጩ ይችላሉ።

2. የሚቀጥሉት ገጾች ለምልክቶች ናቸው። ሕመም፣ እንቅልፍ፣ ምግብ፣ ትኩሳት፣ ትንፋሽ፣ ሽንትና ሰገራ በየቀኑ ይመዝገቡ። ሕመሙን ከ0 እስከ 10 ባለ ቁጥር እንዲነግርዎት ሕመምተኛውን ይጠይቁ፤ 0 ምንም ሕመም የለም፣ 10 ሊታሰብ የሚችለው የከፋ ሕመም ነው።

3. የመጨረሻው ገጽ ለጥያቄዎች ነው። ጥያቄ በመጣብዎት ቁጥር ሌሊትም ቢሆን ይጻፉት። ጠዋት አይገኝም።

አጻጻፉ ላይ ይጠንቀቁ። «ትናንት በጣም አመማት» የሚል መስመር ሐኪሙን የትም አያደርሰውም። እንዲህ ይጻፉ፦ «ማክሰኞ ከሌሊቱ 9 ሰዓት። የጀርባ ሕመም፣ 8። ማስታገሻ 9፡10 ላይ ወሰደች። 10 ሰዓት ላይ ወደ 4 ወረደ። እስከ 12 ሰዓት ተኛች። 12፡30 ላይ ሕመሙ ተመለሰ።» ከዚህ አንድ አንቀጽ ሐኪሙ ማስታገሻው እንደሚሠራ፣ ግን ቶሎ እንደሚያልቅ ያነባል። መጠኑን ወይም ሰዓቱን ለማስተካከል የሚፈልገው ይህንን ነው።

አንድ ቀን ሳይመዘገብ ካለፈ በግምት አይሙሉት። ባዶ ይተዉት።

ደረጃ 2፦ ከሕመምተኛው ጋር አስቀድመው ይስማሙ

ይህ ደረጃ ከሁሉም ይበልጥ የሚዘለል ነው፤ ሲዘለልም ከሁሉም ይበልጥ ያስከፍላል። ሕመምተኛው በቂ አእምሮ ካለው ስለ ሕመሙ ምን ያህል ማወቅ እንደሚፈልግ የሚወስነው እሱ ነው። እናቴን የጠየቅኳት እንዲህ ብዬ ነበር፦ «እማዬ፣ ሐኪሙ የሚለውን ሁሉ ራስሽ መስማት ትፈልጊያለሽ ወይስ ለእኔ ይንገረኝ?» ዝም ብላ ቆየችና «ስለ መድኃኒቱ ለእኔ ይንገረኝ፤ ስለ ቀረኝ ቀን ግን ለአንቺ ይንገርሽ» አለችኝ። ሳልጠይቃት ብቀር ይህን በምንም መንገድ ገምቼ አልደርስበትም ነበር።

ከዚያ ሁለት ነገሮችን ይወስኑ። ሐኪሙን የሚያነጋግረው ማን ነው? የሚጽፈውስ? አንድ ሰው ብቻ ይናገር፣ ሌላ ሰው ይጻፍ። ብቻዎን ከሆኑ ድምፅ ለመቅዳት ሐኪሙን ያስፈቅዱ፤ ሳያስፈቅዱ ግን አይቅዱ።

ቤተሰቡ «እንዳትነግሩት» ካለ ምን ይደረጋል? ሐኪሙ እንዲዋሽ አይጠይቁ። ብዙ ሕመምተኞች ሳይነገራቸው ያውቁታል፤ እንደማያውቁ ሆነው የሚቀመጡት እናንተን ላለማሳዘን ነው፤ እናንተም እንደዚያው ታደርጋላችሁ። ይልቁንስ ለሐኪሙ «ዶክተር፣ ከመንገርዎ በፊት ምን ያህል ማወቅ እንደሚፈልግ እሱን ይጠይቁልን» ይበሉት።

ደረጃ 3፦ ሦስት ጥያቄዎች ይምረጡ

የመጨረሻው ገጽ ላይ አሥራ ስድስት ጥያቄዎች ተጽፈው ይሆናል። ሁሉንም ይዘው ቢገቡ ዋናው ጥያቄ ሳይነሳ ሰዓቱ ያልቃል። እ.ኤ.አ. በ2018 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት ሐኪሞች ባቋረጧቸው ሕመምተኞች ላይ እንዳየው፣ ግማሽ ያህሉ የተቋረጡት መናገር ከጀመሩ በ11 ሰከንድ ውስጥ ነው። ስለዚህ ዋናው ነገር በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ይሁን።

ጥያቄዎቹን ለመምረጥ «እንቅልፍ የሚነሳኝ የትኛው ነው?» ብለው ራስዎን ይጠይቁ። እሱን አንደኛ ያድርጉት። የቀሩትን በነርስ፣ በመድኃኒት ባለሙያ ወይም በሚቀጥለው ቀጠሮ የሚመለሱ ብለው ይከፋፍሏቸው። ስለ ምግብ፣ ስለ ቁስል አጠባበቅና ስለ አልጋ አገላበጥ ነርሶች አብዛኛውን ጊዜ ከማንም የተሻለ መልስ አላቸው።

አንድ ጥያቄ ግን ምንጊዜም ከሦስቱ ውስጥ ይግባ፦ «ዶክተር፣ ይህ ሕክምና ሕመሙን ለማዳን ነው፣ ዕድሜን ለማራዘም ነው ወይስ ስቃይን ለመቀነስ?» እኔ ይህን ብጠይቅ ኖሮ «ይታከማል» የሚለው ቃል አራት ወር አያታልለኝም ነበር።

ደረጃ 4፦ በሐኪሙ ክፍል ውስጥ

ቅደም ተከተሉን ይጠብቁ።

1. ይቀመጡ። ስምዎንና ለሕመምተኛው ምኑ እንደሆኑ ይናገሩ። «ልጁ ነኝ፣ ቤት ውስጥ የማስታምመው እኔ ነኝ» ማለት ሐኪሙ ለማን ምን ማስረዳት እንዳለበት ይነግረዋል።

2. የመድኃኒቱን ገጽ በእጁ ይስጡት። በቃል አይዘርዝሩ።

3. ጥያቄዎቹን ከመጀመሪያው ያሳውቁ፦ «ሦስት ጥያቄዎች ይዣለሁ፤ ዋናው የሌሊቱ ሕመም ነው።» ሦስት መሆናቸውን ያወቀ ሐኪም ሰዓቱን ለሦስት ያካፍላል።

4. ከባለፈው ቀጠሮ ወዲህ የተለወጠውን ብቻ ይናገሩ። የሕመሙን ታሪክ ከመነሻው አይጀምሩ፤ ካርዱ ላይ አለ።

5. ያልገባዎት ቃል ሲመጣ እዚያው ያስቁሙት። «ውጤቱ ፖዘቲቭ ነው» ሲባል ደስ ብሎት የወጣ ሰው አውቃለሁ፤ ፖዘቲቭ ማለት የተፈለገው በሽታ ተገኝቷል ማለት ነው። «ለሕክምናው ምላሽ እየሰጠ ነው» ማለትም ዕጢው አንሷል ማለት ሊሆን ይችላል እንጂ ድኗል ማለት አይደለም። «ይህ ለእሱ ኑሮ ምን ማለት ነው?» ብለው ይጠይቁ።

6. የሰሙትን በራስዎ ቃል መልሰው ይናገሩት፦ «በትክክል ገብቶኝ ከሆነ፣ ይህን ክኒን ጠዋትና ማታ እሰጠዋለሁ፣ ካስመለሰው ግን ደግሜ ሳልሰጥ እደውላለሁ። ልክ ነኝ?» ከሁሉ የሚጠቅመው ደረጃ ይህ ነው። ሰዎች ሐኪም ከነገራቸው ነገር ከ40 እስከ 80 በመቶ የሚሆነውን ወዲያው እንደሚረሱት፣ ካስታወሱትም ግማሽ ያህሉ የተሳሳተ እንደሆነ በጥናት ታይቷል። ስህተቱ በቀላሉ የሚታረመው ሐኪሙ ፊት ለፊት እያለ ነው።

7. ከመነሳትዎ በፊት እነዚህን ሦስት ነገሮች ይዘው ይውጡ፦ ቀጣዩ እርምጃ ምንድን ነው? ምን ምልክት ባይ ሳልጠብቅ ላምጣው? በሌሊት ወይም በበዓል ቀን ለማን ልደውል?

አዲስ መድኃኒት ከታዘዘ ስለ ጎጂ ጎኑና ስለ መከላከያው አብረው ይጠይቁ። ለምሳሌ ሞርፊን የተባለው ኃይለኛ የሕመም ማስታገሻ ሲጀመር የሆድ ድርቀት በጣም የተለመደ ስለሆነ ድርቀቱን የሚከላከል መድኃኒት አብሮ መታዘዝ አለበት። ሳይታዘዝ ከቀረ «ለሆድ ድርቀቱስ ምን ልስጠው?» ይበሉ። ሞርፊን ታዘዘ ማለት ተስፋ ተቆረጠ ማለትም አይደለም፤ ሕመሙ ከባድ ነው ማለት ነው።

ደረጃ 5፦ ከባድ ዜና ሲነገር

ከባድ ዜና አነጋገር በብዙ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመውና በስፋት የሚሠራበት ባለ ስድስት እርከን ዘዴ ሐኪሙ ከመናገሩ በፊት ሁለት ነገር እንዲጠይቅ ያዝዛል፦ እስካሁን ምን ያውቃሉ? ምን ያህልስ ማወቅ ይፈልጋሉ? ስለዚህ ሐኪሙ ወንበሩን አስጠግቶ «ስለ ሕመሙ ምን ተነግሯችኋል?» ካለ እየፈተናችሁ አይደለም። የምታውቁትን በግልጽ ንገሩት፤ ከዚያ ተነስቶ ይቀጥላል።

ቃሉ ከተነገረ በኋላ ጆሮ ይዘጋል። እኔ ከዚያ ቀን የማስታውሰው የሐኪሙን እስክሪብቶ ነው፤ ክዳኑን ይከፍታል፣ ይዘጋል፣ ይከፍታል። ለአምስት ደቂቃ ያህል ሲናገር ነበር፤ አንዱም ቃል ውስጤ አልገባም። ይህ ሲደርስብዎት «ዶክተር፣ አሁን ምንም እየሰማሁ አይደለም፤ ትንሽ ይስጡኝ» ይበሉ። ካልተመለሰልዎት «ይህን ለመነጋገር በሁለት ቀን ውስጥ ተመልሼ ልምጣ?» ብለው ቀጠሮ ይያዙ፣ ሌላ ሰው ይዘውም ይምጡ።

ስለ ጊዜ ሲጠይቁ አንድ ቁጥር አይጠይቁ። እ.ኤ.አ. በ2000 በታተመ የአሜሪካ ጥናት 343 ሐኪሞች 468 በሞት አፋፍ ላይ የነበሩ ሕመምተኞች ምን ያህል እንደሚቆዩ ገምተው፣ ወደ ትክክሉ የቀረበው ግምት 20 በመቶው ብቻ ነበር። አብዛኛው የሳተውም ዕድሜውን አስረዝሞ ነው። ስለዚህ ጥያቄውን በሦስት ይክፈሉት፦ «መልካም ቢሆን ምን ያህል? ቢከፋስ? እርስዎ ይሆናል ብለው የሚያስቡትስ?» መልሱ በቀናት፣ በሳምንታት፣ በወራት ወይስ በዓመታት የሚቆጠር እንደሆነ ማወቅ ብቻውን ብዙ ውሳኔ ያቀልላል።

ከዚያ «ይህ ውሳኔ ዛሬ መወሰን አለበት ወይስ ጥቂት ቀን ይቆያል?» ብለው ይጠይቁ። ድንገተኛ ካልሆነ በስተቀር በዚያው ሰዓት አይፈርሙ።

የማስታገሻ እንክብካቤ፣ ሐኪሞች ፓሊየቲቭ ኬር የሚሉት፣ መኖሩንም በዚሁ ቀን ይጠይቁ። ሕክምና ሲያበቃ የሚሰጥ ነው ብለው አይጠብቁ። እ.ኤ.አ. በ2010 በታተመ ጥናት የተሰራጨ የሳንባ ካንሰር ያለባቸው ሕመምተኞች ከመነሻው ይህን እንክብካቤ ከመደበኛው ሕክምና ጋር ሲያገኙ የኑሯቸው ሁኔታ ተሻሽሏል፣ የድብርት ምልክታቸው ቀንሷል። የቆዩበት ጊዜም በመካከለኛ ልኬት 11.6 ወር ነበር፤ መደበኛውን ሕክምና ብቻ ያገኙት ደግሞ 8.9 ወር።

ደረጃ 6፦ ነገሩ ሲበላሽ

ሐኪሙ ከቸኮለ፦ ሦስቱን ጥያቄዎች ወደ አንድ ይቀንሱ። «እንደቸኮሉ አያለሁ፤ አንዱን ብቻ ልጠይቅ፣ ስለ ሌሎቹ ማንን ላነጋግር?» ይበሉ።

ሐኪሙ ከተቆጣ፦ ድምፅዎን ዝቅ ያድርጉ፣ ወደ ሕመምተኛው ይመልሱት። «የመጣሁት ሌሊት ሲያቃስት ምን እንደማደርግ ስለማላውቅ ነው» የሚለው ዓረፍተ ነገር ክርክር አይጋብዝም። ቁጣው ከተደጋገመ ዋና ነርሷን ወይም የክፍሉን ኃላፊ ያነጋግሩ፤ ሌላ ሐኪም እንዲያየው መጠየቅም መብት ነው።

ሁለት ሐኪሞች የተለያየ ነገር ከተናገሩ፦ የሚሻለውን መልስ መርጠው አይሂዱ። ሁለቱን ንግግሮች ከነቀናቸው ጽፈው ለዋናው ሐኪም ያሳዩና የትኛውን እንደሚከተሉ ይጠይቁ። በዚያ መካከል በራስዎ ውሳኔ መድኃኒት አያቋርጡ። አንዳንዱ መድኃኒት በድንገት ሲቆም አደጋ አለው።

ካለቀሱ፦ ያልቅሱ። ይቅርታ መጠየቅ አያስፈልግም። ሲረጋጉ ደብተሩን ይክፈቱና ካቆሙበት ይቀጥሉ።

ዋናውን ጥያቄ ረስተው ከወጡ፦ ወደ ነርሷ ይመለሱ፣ ጥያቄውን በወረቀት ጽፈው ለሐኪሙ እንድታደርስልዎት ይስጧት።

ደረጃ 7፦ ከወጡ በኋላ ባሉት 15 ደቂቃዎች

ቤት ከመድረስዎ በፊት የሆነ ቦታ ይቀመጡ። የተባለውን ይጻፉ፣ አብሮዎት ከነበረው ሰው ጋር ያስተያዩት። ሁለታችሁ የምትለያዩበት ቦታ ላይ የጥያቄ ምልክት ያድርጉና በስልክ ያጣሩት።

ከዚያ ለቤተሰቡ አንድ መልእክት ይጻፉና ለሁሉም ያንኑ ይላኩ። ለስምንት ዘመድ ስምንት ጊዜ መናገር ዜናውን ስምንት ጊዜ እንደ አዲስ መስማት ነው። የሚደውሉትን የሚያስተናግድ አንድ ሰው ይሰይሙ፣ ያ ሰው ግን እርስዎ አይሁኑ።

ደረጃ 8፦ የራስዎን ጭንቀት ከሕክምናው ጋር ይቁጠሩት

«እኔ ምን ሆንኩኝ፣ የታመመው እሱ» የሚለውን ንግግር ከሁሉም አስታማሚ እሰማለሁ። እኔም ብዬዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣ አንድ ጥናት ዕድሜያቸው ከ66 እስከ 96 የሆኑ ባለትዳሮችን አራት ዓመት ተከታትሎ፣ የትዳር ጓደኛቸውን እያስታመሙ ጫና የበዛባቸው ሰዎች ከማያስታምሙት በ63 በመቶ የበለጠ የመሞት ዕድል እንደነበራቸው አሳይቷል። የአስታማሚ ሸክም በመጠይቅ የሚለካ ነገርም ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ በስፋት የሚሠራበት የዛሪት መጠይቅ 22 ጥያቄዎች አሉት። ሐኪምዎ ወይም የሥነ ልቦና ባለሙያ እንዲያስሞላዎት መጠየቅ ይችላሉ።

1. በደብተሩ ለራስዎ በየቀኑ አንድ መስመር ይጻፉ፦ ስንት ሰዓት ተኛሁ፣ ስንቴ በላሁ፣ ዛሬ በማን ላይ ጮህኩ። ይብቃዎት። በሳምንት መጨረሻ ያንብቡት።

2. ለሐኪሙ ይናገሩ። «ዶክተር፣ ከዚህ በላይ ብቻዬን አልችለውም፤ በአራት ቀን ውስጥ አሥር ሰዓት ነው የተኛሁት» ይበሉ። «ትንሽ ደክሞኛል» አይበሉ፤ ማንም ትኩረት አይሰጠውም። ሐኪሙ የሌሊቱን መድኃኒት ሰዓት ሊያቀራርብ፣ ወደ ማኅበራዊ ሠራተኛ ሊልክዎት ወይም ሕመምተኛውን ለጥቂት ቀን ሆስፒታል ሊያስተኛው ይችላል።

3. እርዳታ ሲጠይቁ ሥራውን ከነሰዓቱ ቆርጠው ይስጡ። «የምትፈልጊው ነገር ካለ ንገሪኝ» የሚል ሰው ከልቡ ነው፣ ግን ምን እንደሚያደርግ አያውቅም። «ሐሙስ ከ2 እስከ 6 ሰዓት አጠገቡ ተቀመጥልኝ፣ በ4 ሰዓት ይህን ክኒን ስጠው» ይበሉት። እምቢ ካለ ሌላ ሰው ይጠይቁ። ቅሬታውን ለሌላ ቀን ያቆዩት፤ አሁን አቅም የለዎትም።

4. በሳምንት ቢያንስ ሁለት ሌሊት ሌላ ሰው እንዲያድር ያድርጉና እርስዎ በሌላ ክፍል ይተኙ። እዚያው ክፍል ወለል ላይ መተኛት እረፍት አይሆንም፤ በየትንፋሹ ይነቃሉ።

5. የራስዎን መድኃኒትና ቀጠሮ አያቋርጡ። የደም ግፊት ወይም የስኳር ሕመም ካለብዎት በደብተሩ ውስጥ የእርስዎም መድኃኒት የራሱ ገጽ ይኑረው።

ስለ አንድ ነገር ለብቻው ልናገር። ሕመምተኛው እያለ ሐዘን ሊጀምርዎት ይችላል። ይህን ዓይነቱን ሐዘን ሐኪሞች እ.ኤ.አ. ከ1944 ጀምሮ በስም ያውቁታል። በአንዳንድ ሌሊት ደግሞ «ምነው ባበቃ» የሚል ሐሳብ ይመጣል፣ ጠዋት ላይ ራስዎን እንደ ነፍሰ ገዳይ ይቆጥራሉ። ይህ ሐሳብ ስቃዩ እንዲያበቃ መመኘት ነው፤ ከሚወዱት ሰው አልጋ አጠገብ ለወራት የተቀመጡ ብዙ ሰዎች አስበውታል። ለሚያምኑት ሰው በድምፅ ይናገሩት። እኔ ለአክስቴ ስነግራት «እኔም አባቴን ሳስታምም» ብላ ጀመረች፤ በዚያ ሌሊት ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ ንጋት ተኛሁ።

ደረጃ 9፦ ሳይውሉ ሳያድሩ እርዳታ የሚጠየቅባቸው ምልክቶች

- ሞትን መመኘት ወይም ራስን ስለ መጉዳት ማሰብ
- ሕመምተኛውን ለመምታት፣ ለመገፍተር ወይም መድኃኒት ለመከልከል መፈለግ
- የሕመምተኛውን መድኃኒት ለራስ መውሰድ፣ ለመተኛት መጠጥ ማብዛት
- መድኃኒት ሰጥተው ይሁን አይሁን አለማስታወስ፣ ሁለት ጊዜ መስጠት
- ሁለት ሳምንት ያለማቋረጥ ለምንም ነገር ፍላጎት ማጣት፣ አለመብላት፣ አለመተኛት

የመጨረሻው ከታየ በዚያው ሳምንት ለራስዎ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ድርብ መድኃኒት ከተሰጠ ምልክት እስኪታይ ሳይጠብቁ ለሐኪም ወይም ለድንገተኛ ክፍል ይደውሉ፤ ስሙን፣ መጠኑንና የተሰጠበትን ሰዓት ይንገሩ። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ብቻዎን አይሁኑ፣ መድኃኒቶቹን ሌላ ሰው እንዲይዛቸው ያድርጉና ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

እጅዎ ሊነሳ ሲል ደግሞ ይህን ያድርጉ፦ ሕመምተኛው እንዳይወድቅ የአልጋውን መከላከያ ከፍ ያድርጉ ወይም በትራስ ደግፉት። ከክፍሉ ይውጡ፣ በሩን ገርበብ ያድርጉት። ለመጀመሪያው የሚመጣልዎት ሰው ይደውሉና «አሁን ና፣ ብቻዬን መሆን የለብኝም» ይበሉት። ምክንያት አያብራሩ። ሲደርስ ደብተሩን ይስጡት፤ ቀጣዩ መድኃኒት በስንት ሰዓት እንደሆነ እዚያ ላይ ተጽፏል።